ነጩ ጠርዝ

ብሩዥ ከተማ ውስጥ፣ አርባ ዓመት ገንብቼ፣
ጡብ በጡብ ደርድሬ፣ ኖራ አቡክቼ፣
ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወሩ
አንድ ሐረግ ተተክሎ አየሁ ከድንበሩ።

ጎረቤቴ ናት፤ ጎደሊቭ ትባላለች፤
ስድሳ ዓመት ሙሉ ዳንቴል ስትሠራ ኖራለች።
ጎንበስ ብላ ቆፍራ፣ ከጋራው ግንብ ሥር፣
ከአውራ ጣት የማትበልጥ፣ ቅጠሏን ዳር ዳር
ወተት የነካካው ቡራቡሬ ችግኝ
ተክላ ቀና አለችና "ቆንጆ አይደለች?" አለችኝ።

"ግንብ ትበላለች" አልኩ፣ "ሥሯ ጥፍር አለው፤
ስንጥቅ ካገኘች ኖራ ነው የምትፈለቅቀው።"
ሳቀች። "አንተ አሺል፣ ለጡብ ታለቅሳለህ፤
ሚስትህ የሞተች ለት አጥር ስትቀባ ዋልህ።"

መልስ አልነበረኝም።

በመጀመሪያው ዓመት ተኛች፤ አልተነሣች።
በሁለተኛው ላይ መሬቱን አለበሰች፤
ከዝናብ በርሜሉ ግርጌ፣ ካሮጌ ብስክሌት ሥር
ሾልካ ምንጣፍ ሆነች፣ በነጭ የተጠለፈ ዳር።
በሦስተኛው ዓመት ግንቡን ቀና ብላ አየች፤
እኔም መሰላሌን። እሷ ቀደመች።

ከነጩ መሐል ግን፣ አልፎ አልፎ አንዳንዴ
አንድ ቀንበጥ ይወጣል፣ ድፍን አረንጓዴ።
እሱ ነው ጉልበተኛው፣ እሱ ነው ፈጣኑ፤
ዝም ካሉት አበቃ የነጩ ዘመኑ።
ሐረግም ሐረጉን ይቆጥራል፤ ደም ስቦት
ወደ ዱር አያቱ ይመለሳል በድፍረት።

አምስተኛው ዓመት ላይ ዓይኗ ከዳት።
"አሺል" አለች ማዶ ሆና፣ በተሰበረ ኩራት፦
"ሁሉም ጭስ መስሎኛል፤ ነጭ ካረንጓዴ አልለይም፤
ቅዳሜ ቅዳሜ ና፤ መቀስ ያዝ፤ ደሞዝ የለም።"

ሄድኩ። እኔ፣ የሐረግ ጠላት፣ ጓንት አጥልቄ፣
ጭማቂዋ ቆዳዬን እንዳይፈጀኝ ተጠንቅቄ፣
አረንጓዴውን ሳጭድ፣ እሷ ከወንበሯ
"ነጩ አለ?" ትለኛለች። "አለ።" ይበራል ግንባሯ።

ከዚያ ከጀርባችን ባለ አምስት ፎቅ ቆመ፤
ፀሐያችን ገና ረፋድ ላይ ከሰመ።
ጥላ አይችልም ያ ነጭ፤ ቀስ ብሎ ፈዘዘና
በአንድ ሰኔ ጠፋ፤ ግቢው አንድ መልክ ሆነና
ጠቆረ ባረንጓዴ። አሁን ልጨድ የቱን?
"ነጩ አለ?" አለች።
"አለ" አልኳት። "እንዲያውም ጨምሯል ውበቱን።"

ሁለት ዓመት ዋሸሁ፣ ቅዳሜ በቅዳሜ፣
አየር እየቆረጥኩ፣ መቀስ እያስጮህኩ፣ ቆሜ።
ለሚስቴ ግን ሁልጊዜ እውነት ነው የተናገርኩት፤
እንደ ቱንቢ ቀጥ ያለ፣ እንደ ቱንቢም ብረት።

ባለፈው ጥቅምት ላይ፣ አሸንዳ ልጠርግ
መሰላሌን ብወጣ፣ ግንብ ዘልቃ ያቺ ሐረግ፣
ከፎቁ ጥላ አምልጣ፣ ብርሃን አግኝታ ኖሮ፣
ነጩ ተመልሷል፣ እንደ አዲስ ተቋጥሮ።

ወረድኩ እየሮጥኩ፣ ጉልበቴን ረስቼ፦
"ጎደሊቭ! ነጭ አለ! አሁን ባይኔ አይቼ!"
"አዎ" አለች ቀዝቀዝ ብላ፣ "ሁልጊዜም አለ፣ አይደል?
ቅጠል ሲቆረጥና አየር ሲቆረጥ ድምፁ አንድ ይመስልሃል?"

መልስ አልነበረኝም። እንደገና።

ወጣሁ መሰላሉን። አንዲት ቅጠል ቀጥፌ
መዳፏ ላይ አኖርኩ፣ ትንፋሼ ቁርጥ ብሎ፣ አርፌ።
ጣቷ ዳር ዳሩን ጀመረ መዳበስ፣
ክር ቆጥሮ ያረጀ ጣት፣ ሳይቸኩል፣ ሳይመለስ።
ነጩ ካረንጓዴው ሳሳ ይላል፤ ትንሽ ይሸበሸባል፤
አላውቅም ነበር እኔ። ዓይን ይህን መች ያያል?

ጠርዙን ዞረችና ቆመች አንድ ቦታ።
"እዚህ ጋ ክር ስቷል" አለች በቀስታ፣
"የሠራው ሰው ቸኩሏል።"
ቅጠሏን ኪሷ ከታ
ፊቷን ወደ ግንቡ መለሰች።
"ቅዳሜ ና" አለች። "መቀስ አያስፈልግም።"